ስሜንም ድርብርብ፣ ናብሮም ድርብርብ፤ ልዩነቱን ለተማሪ በምን እናሳይ?

አዘዞ_ጂኦግራፊ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጥያቄው ከጎንደር ነው፣ ለ11ኛ ክፍል ጂኦግራፊ ትምህርት። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሃይሊ ጉቢ የተባለው እሳተ ገሞራ ከፈነዳ ወዲህ ተማሪዎቹ «ራስ ዳሽንስ ይፈነዳል ወይ?» ማለቱን አልተዉም።

ሦስት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ ስትራቶቮልካኖ ማለት የላቫና የአመድ ድርብርብ ነው ብለን እናስተምራለን። ሊማሊሞን ቁልቁል ሲወርዱ ደግሞ ገደሉ ከላይ እስከ ታች ድርብርብ ነው፣ በመሀሉም ቀይ መስመር ያልፋል። ታዲያ ስሜን ስትራቶቮልካኖ የማይባለው ለምንድን ነው? ሁለተኛ፣ ለእኛ የሚቀርበው ሕያው ስትራቶቮልካኖ የቱ ነው? መዝግቦ የሚያስቀምጥ ሰው ባልነበረበት ቦታ የፍንዳታ ታሪኩ እንዴት ይታወቃል? ሦስተኛ፣ 40 ተማሪ ይዘን ደባርቅ ድረስ ብንሄድ በእጃችን ምን ሠርተን መመለስ እንችላለን? ያለን መሣሪያ ሜትር፣ ሁለት መዶሻና አንድ የእጅ ማጉያ መነጽር ብቻ ነው።

ጥቁር_ድንጋይ፦

ሰላም መምህር። ከመጀመሪያው ልጀምር፣ እሱ ከተፈታ ሌላው ይቀላል።

ድርብርብ መሆን ብቻውን ስትራቶቮልካኖ አያሰኝም። ላቫ ደጋግሞ የፈሰሰበት ቦታ ሁሉ ድርብርብ ነው። መጠየቅ ያለበት «በሁለቱ ላቫ መካከል ያለው ምንድን ነው?» የሚለው ነው። በስትራቶቮልካኖ ጎን ላይ በሁለት ላቫ መካከል የሚገኘው ከሰማይ የዘነበ ወይም ቁልቁል እየተንደረደረ የወረደ ስብርባሪ ነው፤ አመድ፣ ፑሚስ (በአረፋ ቀዳዳ የተሞላ ቀላል ድንጋይ)፣ ጠርዙ የሰላ የድንጋይ ቁርጥራጭ። የሊማሊሞ ቀይ መስመር ግን በአብዛኛው አፈር ነው። አንዱ ላቫ ፈስሶ ከቀዘቀዘ በኋላ ዝናብና ፀሐይ እያፈራረሱ አፈር አደረጉት፤ ቀጥሎ የመጣው ላቫ ላዩ ላይ ተኝቶ እንደ ሸክላ ጠበሰው። ቅላቱ የብረት ዝገት ነው። ይህ መስመር የፍንዳታ ምልክት አይደለም፣ የዕረፍት ምልክት ነው።

የልዩነቱ ምንጭ ማግማው፣ ከመሬት ሥር ያለው ቅልጥ ድንጋይ ነው። ሲደርቅ ጥቁር ድንጋይ የሚሆነው ባዛልት ከ45 እስከ 52 በመቶ ሲሊካ (የአሸዋ ዋና ንጥረ ነገር) ይዞ፣ ከ1,100 እስከ 1,200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ላይ ይፈስሳል፤ ቀጭን ነው። ትራካይትና ራዮላይት የተባሉት ማግማዎች ሲሊካቸው ከ60 በመቶ ይበልጣል፣ ሙቀታቸው ያንሳል፣ ራዮላይት ከ700 እስከ 900 ዲግሪ ላይ ነው የሚወጣው፤ ወፍራም ናቸው። ተማሪ ይህን ከምድጃ ያውቀዋል። ውኃ ሲፈላ አረፋው በቀላሉ ይወጣል፤ ገንፎ ሲንተከተክ ግን አረፋው ታፍኖ ይቆይና ሲፈነዳ ተስፈንጥሮ እጅ ያቃጥላል። ማግማ ወደ ላይ ሲወጣ የተጫነው ግፊት ይቀንሳል፣ ውስጡ ሟሙቶ የነበረው የውኃ ተንና ሌላው ጋዝ አረፋ ይሆናል። ከቀጭኑ አረፋው ያመልጣል፣ ወፍራሙን ግን ራሱን በጣጥሶ ይረጨዋል። እሳተ ገሞራ «አመድ» የምንለው ያንን ብጥስጣሽ ነው። እባክዎ ይህን ክፍል ውስጥ ደጋግመው ይንገሩልኝ፦ የምድጃ አመድ አይደለም፣ የተቃጠለ ነገር የለበትም። የደቀቀ መስተዋትና ድንጋይ ነው፣ ውኃ ውስጥ አይሟሟም፣ ዓይንና ሳንባ ይፍቃል። ቃሉ አንድ በመሆኑ ብቻ ብዙ ሰው ይሳሳታል።

ቀጭኑ ላቫ ርቆ ስለሚሄድ ተራራው ዝርግ ይሆናል፣ ቁልቁለቱ ብዙውን ጊዜ ከ10 ዲግሪ በታች ነው። በጀርባው የተጋደመ ጋሻ ስለሚመስል ጋሻ መሰል ተባለ። ወፍራሙ ላቫና ስብርባሪው ግን አፉ አጠገብ ስለሚከመሩ ጫፉ አካባቢ ከ30 እስከ 35 ዲግሪ ይቆማል።

እዚህ ላይ የእኛ አገር ተማሪ ሁልጊዜ የሚሳሳተው አለ። «ስሜን ቀጥ ያለ ገደል ነው፣ ስለዚህ ስትራቶቮልካኖ ነው» ይላል። ገደሉን የቆረጡት የተከዜ ገባር ወንዞች ናቸው፣ ከፍ ያለውን ክፍል ደግሞ በበረዶ ዘመን የነበሩ የበረዶ ግግሮች ፍቀውታል። የሚለካው የገደሉ ፊት ሳይሆን የላቫው ንጣፍ ዝንባሌ ነው፤ እሱን ሲለኩ ጋደም ብሎ ያገኙታል።

የስሜን ዕድሜ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። በዚያን ጊዜ ከረዣዥም የመሬት ስንጥቆች የወጣ ባዛልት የሰሜን ምዕራቡን ደጋ አለበሰው፤ አብዛኛው የፈሰሰው በአንድ ሚሊዮን ዓመት ገደማ ውስጥ ነው፣ ውፍረቱ በአንዳንድ ቦታ 2 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። የሊማሊሞ ቁልቁለት ዕድሜው በአርጎን ዘዴ (በድንጋዩ ውስጥ ከተጠራቀመው የአርጎን ጋዝ ዕድሜን በማስላት) ተለክቶ በዓለም የጂኦሎጂ ጽሑፎች የሚጠቀስ ቦታ ነው። የስሜን ጋሻ በዚሁ ንጣፍ ላይ ወዲያው ተከትሎ ያደገ ነው። ጎጃም ያለው ጮቄ ከእሱ በኋላ 22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ላይ፣ ከደብረ ታቦር በላይ ያለው ጉና ደግሞ 11 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ላይ መጣ። ሁሉም ጋሻ መሰል ናቸው።

«ዳሽን ይፈነዳል ወይ?» ላሉት፦ አይፈነዳም። ከሥሩ የነበረው የማግማ ጓዳ ከቀዘቀዘ ሚሊዮን ዓመታት አልፈዋል፤ መሬት እየተላቀቀ ማግማ የሚወጣበት ቦታ ዛሬ ስምጥ ሸለቆውና አፋር ነው። የዳሽን ጫፍም የእሳተ ገሞራ አፍ አይደለም፣ ከተሸረሸረው ጋሻ የተረፈ ጉብታ ነው።

ዳናኪል_ካርታ፦

ጥቁር ድንጋይ ላለው አንድ ነገር ልጨምርና ወደ ሁለተኛው ልለፍ። ሃይሊ ጉቢ ራሱ ጋሻ መሰል ተብሎ የተመደበ ነው፤ ነገር ግን አመዱ ወደ 14 ኪሎ ሜትር ከፍታ ወጥቶ ቀይ ባሕርን ተሻገረ፣ በየመንና በኦማን በኩል አልፎ ሕንድ ሰማይ ደረሰ። ከዚያ በፊት በታሪክ የተመዘገበ ፍንዳታ አልነበረውም። ስለዚህ ክፍል ውስጥ «ጋሻ መሰል ዝም ብሎ ይፈስሳል፣ ስትራቶቮልካኖ ይፈነዳል» ብለን መስመር አንዝጋ። ቅርጹ የሚናገረው ተራራው አብዛኛውን ዕድሜውን ምን ሲሠራ እንደኖረ ነው፣ ነገ ምን እንደሚያደርግ አይደለም።

ወደ ጥያቄዎ። ከጎንደር ፊትን ወደ ምሥራቅ አዙሮ በቀጥታ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ቢኬድ ዳባሁ ነው። ከጎንደር ጋር ኬክሮሳቸው አንድ ነው ማለት ይቻላል፣ ሁለቱም ከ12 ዲግሪ ተኩል ትንሽ ከፍ ብለው ነው ያሉት፤ ካርታ ላይ በማስመሪያ አስምረው ያሳዩአቸው። ዳባሁ ስትራቶቮልካኖ ነው። መስከረም 16 ቀን 1998 ዓ.ም.፣ የደመራ ዕለት፣ ከጎኑ ዳ ኡሬ የተባለ ቦታ ላይ ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ስንጥቅ ከፍቶ አመድና ፑሚስ ረጨ። ፍንዳታው ትንሽ ነበር። ትልቁ ነገር የሆነው ከሥር ነው፦ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው መስመር ማግማ እንደ ግድግዳ ገብቶ መሬቱን እስከ 8 ሜትር ድረስ አላቀቀው። እስከ 2010 እ.ኤ.አ. ድረስ ደግሞ 13 ጊዜ ያህል ተጨማሪ ማግማ በዚያው መስመር ገባ። አፋር እንዴት እንደሚሰፋ በዓይን የታየበት ጊዜ ነው።

የተሟላ ምሳሌ ከፈለጉ ግን ናብሮን ይያዙ። ኤርትራ ውስጥ፣ ከእኛ ድንበር ብዙም ሳይርቅ፣ በደንከል ተራሮች ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ ላይ ነው። ከፍታው 2,218 ሜትር፣ በደንከል ዝቅተኛ ምድር ካሉት እሳተ ገሞራዎች ረጅሙ። ጫፉ የለም፤ በቦታው አንዱ በሌላው ውስጥ የተቀመጡ ሁለት ካልዴራዎች አሉ፣ ስፋታቸው 8 እና 5 ኪሎ ሜትር። ካልዴራ ማለት ከሥር ያለው ማግማ በብዛት ሲወጣ ጣሪያው የሰጠመበት ጎድጓዳ ነው። ትልቁ በደቡብ ምዕራብ በኩል ግድግዳው ፈርሷል። ውስጡና ጎኑ ላይ የባልጩት ጉልላቶችና የባዛልት ላቫዎች አብረው ይገኛሉ፤ ይህ ተራራ ቀጭኑንም ወፍራሙንም ማግማ ሲያወጣ ኖሯል ማለት ነው። ከጎኑ ማላህሌ፣ ሶርክ አሌና ሌላም አሉ፣ አንድ ላይ የቢዱ እሳተ ገሞራዎች ይባላሉ። ዱቢ ከነሱ ሰሜን ምሥራቅ ነው።

የጽሑፍ ታሪኩ አጭር ነው። ዱቢ በ1861 እ.ኤ.አ.፣ በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን መሆኑ ነው፣ ፈንድቶ አመዱ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ወረደ፤ ላቫው እስከ 22 ኪሎ ሜትር ሄደ፤ ከመቶ በላይ ሰው እንደሞተ ተመዝግቧል። ናብሮ ግን እስከ ሰኔ 2003 ዓ.ም. ድረስ አንድም የተመዘገበ ፍንዳታ አልነበረውም።

ሰኔ 5 ቀን ምድሪቱ ቀኑን ስትንቀጠቀጥ ውላ፣ ትልቁ መንቀጥቀጥ በመጠን 5.7 ገደማ ነበር፣ ሌሊቱ ላይ ናብሮ ፈነዳ። በመጀመሪያ የወጣው ዜና የፈነዳው ዱቢ ነው ይል ነበር። ለምን? በአካባቢው የተተከለ የመንቀጥቀጥ መለኪያ አልነበረም፣ ሩቅ ያሉት መለኪያዎች ደግሞ ቦታውን በኪሎ ሜትሮች ይስቱታል፤ ሁለቱ ተራሮች ከ30 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት የተጎራበቱ ናቸው። ስሕተቱ የታረመው ሳተላይት ትኩሱን ቦታ ካሳየ በኋላ ነው። ይህን ለተማሪ መንገር ጠቃሚ ነው፣ የመጀመሪያ ዜና በተራራ ስም ሊሳሳት እንደሚችል ያስተምራል።

ያወጣው ላቫ ትራኪባዛልት ነበር፤ ከባዛልት ትንሽ በአልካሊ (በሶዲየምና ፖታሲየም) የበለጸገ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ሰሜን ምዕራብ ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ ወረደ። ሰው ሞተ፣ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከመንደሩ ተፈናቀለ። ለዓለም ትልቅ ያደረገው ግን ጋዙ ነው፦ ከአንድ ሚሊዮን ቶን በላይ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ለቀቀ፤ በ1991 እ.ኤ.አ. ፊሊፒንስ ውስጥ ፒናቱቦ ከፈነዳ ወዲህ እስከዚያን ጊዜ ድረስ በላይኛው ከባቢ አየር ከታየው የሰልፌት ጭጋግ ትልቁን አስከተለ። በኋላም የራዳር ሳተላይት ምስሎች ሲነጻጸሩ ካልዴራው ዝቅ እያለ እንደነበር ታየ፤ ከስሌቱ የተገኘው ጥልቀት 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ማግማው የተጠራቀመበት ቦታ ማለት ነው።

እንግዲህ «መዝጋቢ በሌለበት እንዴት ይታወቃል?» ላሉት መልሱ ግማሹ ሳተላይት ነው፣ ግን ሳተላይት የሚያየው ያለፉትን ጥቂት ዐሥርት ዓመታት ብቻ ነው። ከዚያ ወደ ኋላ ያለው ሁሉ የሚነበበው ከድርብርቡ ነው። እሱን መሬት የሚቆፍሩት ይንገሩን።

የጽሑፍ መዝገቡ የተሻለ የሆነ አፍሪካዊ ስትራቶቮልካኖ ማወዳደሪያ ቢፈልጉ ታንዛኒያ ያለውን ኦል ዶይንዮ ሌንጋይን ይውሰዱ፤ በ1917፣ በ1940 እና 41፣ በ1966 እና 67፣ በ2007 እና 08 እ.ኤ.አ. በኃይል ፈንድቷል፤ በመካከሉ ደግሞ ከ500 እስከ 600 ዲግሪ ብቻ የሚሞቅ፣ ሲፈስ ጥቁር፣ እርጥበት ሲነካው የሚነጣ የካርቦኔት ላቫ ያፈስሳል። እንደሱ ያለ ላቫ የሚያፈስስ ሌላ ሕያው እሳተ ገሞራ በዓለም የለም።

ዳገት_ቆፋሪ፦

ሰላም መምህር፤ ሦስተኛውን እኔ ልውሰድ። ሥራውን ሁለት ቦታ ክፈሉት፣ ሊማሊሞ ላይ አንድ፣ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ አንድ።

መጀመሪያ ስትራቶቮልካኖ ላይ ባለሙያ የሚሠራውን ልንገራችሁ፣ ልምምዱ ከዚያ የተቀዳ ነውና። መንገድ ወይም ወንዝ የቆረጠው ግድግዳ ይመረጣል። 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ፊት በማንኪያ ቢላ ወይም በጠፍጣፋ ብረት ከላይ ወደ ታች ይጠረጋል፤ ካልተጠረገ ከላይ የፈሰሰ አፈር ታችኛውን ንጣፍ ላይኛውን ያስመስለዋል፣ ብዙ ስሕተት የሚመጣው ከዚህ ነው። ሜትሩ ከሥር ጀምሮ ይሰቀላል። መዝገቡ ከታች ወደ ላይ ይጻፋል፣ ምክንያቱም ተራራውም የተጻፈው እንደዚያ ነው። ለእያንዳንዱ ንጣፍ፦ ውፍረት፣ ቀለም፣ ከሥሩ ካለው ጋር ያለው ድንበር የተቆረጠ ነው ወይስ እየተቀላቀለ የሚሄድ፣ የፍሬው መጠን፣ ፍሬው ተመሳሳይ ነው ወይስ ድብልቅ። ከ2 ሚሊ ሜትር በታች አመድ ይባላል፤ ከ2 እስከ 64 ላፒሊ ነው፤ ከዚያ በላይ ቦምብ ወይም ቋጥኝ። የአምስቱ ትልልቅ ፍሬዎች ርዝመት ተለክቶ አማካዩ ይያዛል፣ ስንት ርቆ እንደተወረወረ ከእሱ ይገመታል።

ከዚያ ውሳኔው ይመጣል፦ ዘንቦ የወረደ ነው፣ ተንደርድሮ የመጣ ነው፣ ወይስ ጎርፍ ያመጣው? ዘንቦ የወረደ እንደ ጋቢ ነው፤ ጉብታውንም ጎድጓዳውንም በእኩል ውፍረት ይሸፍናል፣ ፍሬውም ተለይቶ የተመጠነ ነው። በትኩስ ጋዝ ታጅቦ ተንደርድሮ የመጣው ሸለቆውን ይሞላል፣ ጉብታው ላይ ይሳሳል ወይም ይጠፋል፣ ዱቄቱና ቋጥኙ አንድ ላይ ነው፤ ፑሚስ የበዛበት ኢግኒምብራይት ይባላል፣ በጣም ትኩስ ከሆነም ይጋገራል። ጎርፍ ያመጣው ፍሬው የተሞረደ ክብ ነው፣ የአሸዋ ሞገድ መስመር ይታይበታል። ጎርፍ ያመጣውን አመድ እንደ አዲስ ፍንዳታ የቆጠረ ሰው ተራራው ያልፈነዳውን ፍንዳታ ይጽፍበታል። በሥራው ውስጥ ከዚህ የከፋ ስሕተት የለም።

ዕድሜው የሚገኘው ንጣፉ ሥር ከተገኘ ከሰል ነው፤ በራዲዮካርቦን። የሽንብራ ፍሬ የምታህል ከሰል ትበቃለች። ግን ዘዴው ከ50,000 ዓመት በላይ አይሠራም፣ ስለዚህ ለስሜን ከሰል ፍለጋ አይባክኑ፤ እዚያ የሚሠራው አርጎን ነው። ከላይ ወርዶ የገባ የዛፍ ሥር ዕድሜውን ያሳንሰዋል፣ ሲቃጠል አስቀድሞ ያረጀ ግንድ ደግሞ ያበዛዋል፤ ስለዚህ ቀጭን ቅርንጫፍ ይመረጣል። በሁለት ንጣፍ መካከል አፈር ካለ ዕረፍት ነበረ ማለት ነው። አፈር ከሌለ ግን ዕረፍት አልነበረም ማለት አይደለም፤ ጎርፍ አጥቦት ሊሆን ይችላል።

አሁን ሊማሊሞ። ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በጠዋት ይውጡ፣ ከመነሣትዎ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ያጣሩ። ከሐምሌ እስከ መስከረም ባይሄዱ ይሻላል፣ ጉሙ ምንም አያሳይም፣ ድንጋይም ይንከባለላል። ግድግዳ ሥር በቀጥታ አይቁሙ፤ ከላይ የሚንጠለጠል ቋጥኝ የሌለበት፣ መኪና ሲያልፍ 40 ሰው የሚይዝ ሰፊ ዳር ያለበትን መታጠፊያ ይምረጡ። በ8 በ8 አምስት ቡድን ያድርጓቸው።

አንዱን ላቫ ከሥሩ እስከ ላዩ እንዲያነቡ ያድርጉ። ሥሩ ብዙውን ጊዜ ስብርብር ያለና ቀዳዳ ያለው ነው፣ ትኩሱ ከቀዝቃዛው መሬት የተነካካበት። መሀሉ ድፍን፣ ቀጥ ብሎ በዓምድ መልክ የተሰነጠቀ፤ ሲቀዘቅዝ የተኮማተረበት ነው። ላዩ በአረፋ ቀዳዳ የተሞላ፣ ቀላ ያለ። ከላዩ ቀይ አፈር። ከዚያ ቀጣዩ ላቫ እንደገና ከሥሩ ይጀምራል። እያንዳንዱ ቡድን የሦስት ላቫ ሥዕል በ1 ለ 50 ልኬት ይሣል፤ ግድግዳው ላይ 1 ሜትር ወረቀቱ ላይ 2 ሴንቲ ሜትር ነው። እዚህ የሚሳሳቱት አንድ ላቫ ሲፈስ ምላስ ምላስ እየሠራ አንዱ በሌላው ላይ ስለሚወጣ፣ ያንን ሁሉ ለየብቻ መቁጠራቸው ነው። በመካከል ቀይ አፈር ከሌለ፣ ድንበሩም ከተበየደ፣ አንድ ብለው ይያዙት።

ዝንባሌውን ለመለካት ፕሮትራክተር፣ 30 ሴንቲ ሜትር ክርና አንድ ብሎን ይበቃል። ክሩን መሀል ነጥቡ ላይ ያስሩ፣ ብሎኑን ጫፉ ላይ ያንጠልጥሉ፣ የፕሮትራክተሩን ቀጥ ያለ ጠርዝ ራቅ ብለው ከሚታየው የላቫ መስመር ጋር በዓይን ያስተካክሉ። ክሩ ከ90 ስንት እንደራቀ ያንብቡ። ነፋስ ካለ ክሩ ስለሚወዛወዝ ሦስት ጊዜ ለክተው አማካዩን ይያዙ፣ ሁለት ሦስት ዲግሪ ስሕተት አይጠፋም። ከዚያ ያንኑ በገደሉ ፊት ላይ ይድገሙ። ሁለቱን ቁጥር ጎን ለጎን ሲያዩት ጥቁር ድንጋይ ያለውን ራሳቸው ይደርሱበታል።

ሊማሊሞ ላይ የማያገኙት የዘነበ አመድ ነው፤ እሱን ግቢ ውስጥ ይሥሩት። አውድማ ላይ ጤፍ ሲዘራ ያላየ የገበሬ ልጅ የለም፣ ፍሬው ከሥር ይወርዳል፣ እብቁ ርቆ ይሄዳል። አመድም እንደዚያው ነው። ለቤት ሥራ የሚሸጠውን ሬድ አሽ ይውሰዱ፣ እሱ ራሱ የእሳተ ገሞራ ውጤት ነው። በመዶሻ ደቁሰው ግማሽ ኪሎ ያህል፣ ከዱቄት እስከ ሽንብራ የሚያህል ሁሉ የተደባለቀ ያዘጋጁ። መሬት ላይ ስድስት ወረቀት በየ50 ሴንቲ ሜትሩ ያንጥፉ። ከ2 ሜትር ከፍታ በፈነል ቀስ እያሉ ያፍስሱ፣ ከኋላ ቬንትሌተር ይንፋ። ከዚያ በየወረቀቱ የወረደውን ይመዝኑ፣ ትልቁን ፍሬ ይለኩ፣ በግራፍ ያስቀምጡ። ቬንትሌተሩ ከአንድ ሜትር ከቀረበ አየሩ እየተገላበጠ ሁሉንም ይበትነዋል፣ ውጤቱ ይበላሻል። ደቃቁ ሳንባ ስለሚጎዳ አፍንጫ መሸፈኛ ያስፈልጋል። ሁለተኛ ዙር ላይ ቁሱን በጥቂት ውኃ ይርጩት፤ ደቃቁ ተጣብቆ ቅርብ ይወርዳል። ይህም በእውነት የሚሆን ነው፣ እርጥብ ደመና ውስጥ አመድ ተጣብቆ ክብ ክብ ሆኖ ይዘንባል።

አዘዞ_ጂኦግራፊ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ለትምህርቱ ከበቂ በላይ ነው። ሁለት ነገር ቀረኝ። ቀዩ መስመር ሁሉ አፈር ነው ብዬ ልናገር? ሌላው፣ ሊማሊሞ ድንጋይ ውስጥ ያለውን ነጭ ነገር ተማሪዎቹ «አመድ ነው» ወይም «ጨው ነው» ይላሉ፤ ምንድን ነው?

ጉና_ሥር፦

«ሁሉ» አይበሉ መምህር። ከላይ የተባለው በአብዛኛው ትክክል ነው፣ ነገር ግን በሰሜን ምዕራብ ደጋ የባዛልት ክምር ውስጥ፣ በተለይ ወደ ላይኛው ክፍል፣ ራዮላይትና ኢግኒምብራይት አሉ፤ ስለዚህ በመካከል የገባ አመድ በስብሶ ቀይ ወይም ሐምራዊ ሊሆን ይችላል። በማጉያው ይለዩት። አፈር ከሆነ ከሥሩ ካለው ላቫ ጋር ቀስ በቀስ ይቀላቀላል፣ ወደ ታች ሲሄድ ያልበሰበሰ ድንጋይ ይበዛበታል፣ የሥር ቀዳዳ ሊታይ ይችላል። አመድ ከሆነ ታችኛው ድንበሩ የተቆረጠ ነው፣ ውስጡ የሚያበሩ ጥቃቅን ክሪስታሎችና የፑሚስ ስባሪ ይገኛሉ። ታችኛውን ድንበር ማየት ካልተቻለ «አልተለየም» ብለው ይመዝግቡ፤ ያ ትክክለኛ መልስ ነው።

ዕረፍት ስንት ሊረዝም እንደሚችል ለማሳየት ጭልጋን ይጥቀሱላቸው። ከጎንደር በስተምዕራብ፣ በላቫው ላይ የተኛ የሐይቅና የወንዝ ደለል ከድንጋይ ከሰል ጋር አለ፣ ከ27 እስከ 28 ሚሊዮን ዓመት የሆናቸው የጥንት የዝሆን ዘመዶች አጥንት ወጥቶበታል። እሳቱ ጋብ ሲል ጫካ በቅሎ፣ እንስሳ ግጦ ነበር።

ሌላው፣ «እኛ ጋ ወጣት ላቫ የለም» እንዳይባል። ጣና ዙሪያ ከስሜን እጅግ ያነሰ ዕድሜ ያለው የኳተርነሪ (ካለፉት 2.6 ሚሊዮን ዓመታት ወዲህ ያለው ዘመን) ባዛልት አለ፤ የጣናን ደቡባዊ መውጫ የገደበው እሱ ነው፣ ጢስ ዓባይም የሚወድቀው በእሱ ላይ ነው። ከአዲስ ዘመን አጠገብ መንገድ ዳር እንደ ጣት የቆመው ድንጋይ ደግሞ የእሳተ ገሞራ ጉሮሮ ውስጥ የደረቀ ማግማ ነው፤ ዙሪያው ተሸርሽሮ ጉሮሮው ቀረ።

ጥቁር_ድንጋይ፦

ጉና ሥር ያለውን ተቀብያለሁ፣ «በአብዛኛው» ያልኩትም ለዚያ ነበር።

ነጩ ነገር አመድም ጨውም አይደለም። ላቫው ከደረቀ በኋላ በአረፋ ቀዳዳዎቹ ውስጥ የዞረው ውኃ የተወው ማዕድን ነው፤ ዜኦላይት፣ ካልሳይት ወይም ኳርትዝ። ለመለየት መንገድ ዳር ከወደቀው ስባሪ ይውሰዱ፣ ፓርኩ ውስጥ ግን ድንጋይ አይነሣም። መጀመሪያ በጥፍር ወይም በሚስማር ይጫሩት፦ ሚስማር ካልጫረው ኳርትዝ ነው። ከተጫረ ትንሽ ፍቀው ዱቄት ያድርጉና የሎሚ ጭማቂ ያንጠባጥቡበት። ካልሳይት ከሆነ ጥቃቅን አረፋ ያወጣል፣ በማጉያው ይታያል። ዝም ካለ ዜኦላይት ነው፣ ብዙውን ጊዜ እንደ ፀጉር ወይም እንደ ቅንጣት ተሰብስቦ ይታያል። ሳይፈቀፍቁ ድፍኑ ላይ ካንጠባጠቡ ሎሚ ደካማ አሲድ ስለሆነ ካልሳይቱም ዝም ሊል ይችላል፤ ዱቄት ማድረጉን አይርሱ።

ደባርቅ የማይደርሱ ተማሪዎች ካሉ እዚያው ከተማ ውስጥ የፋሲል ግቢን ግንብ ያሳዩአቸው። ጥቁሩ ድንጋይ ባዛልት ነው፣ ከድፍኑ እስከ ባለ ቀዳዳው ሁሉም ዓይነት በአንድ ግድግዳ ላይ አለ። መዶሻውን ግን በሩ ላይ ይተዉት፤ እዚያ የሚሠራው በዓይንና በማጉያ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ተማሪ አሥር ድንጋይ መርጦ የላቫው ላዩ ነው፣ መሀሉ ነው ወይስ ሥሩ ብሎ በወረቀት ይመድብ፣ ከዚያ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይተራረሙ። ባለ ቀዳዳውን ሁሉ «ላዩ» እንዳይሉ ይጠንቀቁ፣ ሥሩም ቀዳዳ አለው፤ የሥሩ ቀዳዳ ብዙ ጊዜ እንደ ቀጭን ቱቦ ወደ ላይ የተዘረጋ ነው፣ የላዩ ክብ ወይም እንቁላል መሰል ነው።